የጋሽ ይማም ቀይ ክዳን

ሃያት የደወለችልኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። እዚህ ኖርዌይ፣ ቢየርቪካ ሰፈር በሚገኘው ቢሯችን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ መነጽሬን አድርጌ የሪፖርቱን የመጨረሻ ገጾች ቃል በቃል እየፈተሽኩ ነበር። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አላነሳም። ሰው በስልክ ማናገር ያስፈራኛል። ያን ቀን ግን እንጃ፣ አነሳሁት።

«ሊዲያ ነሽ? የይማም ልጅ ነኝ፣ ሃያት። አባቢ ማክሰኞ አረፈ። ስልኩ ውስጥ ‹ሊዲያ ቢሮ› የሚል ስም አገኘሁና ... ቤት ውስጥ ስምሽን ያነሳ ስለነበር ነው የደወልኩት።»

«ጃ» አልኩ። አዎ ማለቴ ነው። እንደገናም «ጃ» አልኩ።

ሃያት ቀጠለች። «ለለቅሶ ሰው የሚመጣው ግሮሩድ ሰፈር፣ እኛ ቤት ነው። አድራሻውን እልክልሻለሁ» ብላ ዘጋች።

ከፊቴ ተከፍቶ የነበረው አባሪ ሦስት ነው። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «የማሸጊያ ክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ የአቶ ይማም የሥራ ማስታወሻ። ከአማርኛ የተረጎመችው ሊዲያ።» በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ኃላፊዬ ሂልደ ሪፖርቱን ለኦዲተሩ አስረክባ ልትፈርም ቀጠሮ ተይዟል። የጋሽ ይማምን ስም ደጋግሜ አየሁት። እንባዬ አልመጣም። የመጣብኝ ላይተራቸው ነው።

ጋሽ ይማም ሲጋራ አያጨሱም፣ ላይተር ግን ከኪሳቸው አይጠፋም። አዲስ ቦታ ሲገቡ ሰላምታ ሰጥተው ሲጨርሱ ወደ መስኮቱ ይሄዱና እሳቱን መስታወቱ አጠገብ ይለኩሱታል። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ የሚታዩትን ነበልባሎች በጣታቸው ይቆጥራሉ። እያንዳንዱ መስታወት ሁለት ነበልባል ያሳያል፣ ባለ ሦስት መስታወት መስኮት ስድስት። ከስድስቱ አንዱ ቀለሙ ለየት ካለ፣ ሙቀት የሚይዝ ሽፋን ተቀብቷል ማለት ነው። «ይኼ ውሸታም ነው፣ ሁለት ብቻ ነው» ይላሉ፤ ወይም «ይኼ የኛ ልጅ ነው» ብለው ክፈፉን መታ መታ ያደርጉታል።

አንድ ጊዜ ለሠራተኞች ስብሰባ ከፋብሪካው ወደ ቢሮ መጥተው ይህንኑ አደረጉ። የሕንፃው ጥበቃ ሮጦ ደረሰ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየቆጠርኩ» አሉት በኖርዌይኛ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «አትጨነቅ፣ ሕንፃህ ደህና ነው። አራተኛው ነበልባል እንደሚለው ግን ሽፋኑን ገልብጠውታል።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ወደ ወለሉ ነበር የማየው። የአገሬ ሰው ሆነው ሳቅ ሲፈጥሩ ያፈርኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬ የማፍረው በዚያ ማፈሬ ነው።

ድርጅታችን መስኮትና በር ይሠራል። ፋብሪካው ግሮሩድ ነው፣ ከጫካው ጥግ ብዙም አይርቅም። የእኔ ሥራ፣ ከምንሠራው ውስጥ በአውሮፓ ሕግ መሠረት ለአካባቢ ይበጃል ሊባል የሚችለው የትኛው እንደሆነ ለይቶ መጻፍ ነው። ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሕጉን ተቀብላዋለች። ታክሶኖሚ ይሉታል። እዚህ አገር የመጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ከእናቴ ጋር ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም ይኼንኑ ነው፣ ሥራውን ያገኘሁት ግን በቪካሪያት፣ በምትክነት ነው፤ ለአንድ ዓመት። በበጋ ያልቃል። ከዚያ ወይ ቋሚ ያደርጉኛል፣ ወይ ያሰናብቱኛል።

ጋሽ ይማምን የተዋወቅኩት መጠይቄን ይዤ ማሸጊያ ክፍሉ የሄድኩ ቀን ነው። ክፍሉ ውስጥ መስታወቶቹ በረድፍ ቆመው፣ ጠርዝ ጠርዛቸው በጥቁር ሙጫ ይታሸጋል። ፎርማኑን ጠየቅኩት፤ በአገጩ ወደ ጥግ ጠቆመኝ። «ይማምን ጠይቂ። ሁሉን ነገር የሚጽፈው እሱ ነው።» ቀጭን፣ ሽበታም፣ እርሳስ ከጆሯቸው ኋላ የሰኩ ሰውዬ በርሜል እየገፉ ነበር። አማርኛ እንደምችል ፊቴን አይተው ገመቱ።

«ማን ልኮሽ ነው?»

«ከቢሮ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ከቢሮ መሆንሽንማ ጫማሽ ነገረኝ። ማን ልኮሽ ነው ያልኩት።»

«ሕጉ» አልኩ።

ሳቁ ከበርሜሉ ውስጥ የወጣ ይመስል ነበር። «እንግዲያው ሕጉ ጓንት ያድርግ» ብለው ጥንድ ጓንት ወረወሩልኝ።

የግዢ ክፍሉን ወረቀት አሳየኋቸው። ድሮ እንጠቀምበት የነበረው ሙጫ ውስጥ አውሮፓ ጎጂ ብላ የመዘገበችው ማለስለሻ ቅመም አለ። ወረቀቱ ደግሞ ድርጅቱ ከዓመታት በፊት በአዲስ ሙጫ እንዲተካ ወስኗል ይላል። ጋሽ ይማም መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ። ጥያቄ ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንን ነው፤ ሳይወለውሉ መልስ የለም።

«ወረቀት ቀላል ነው፣ ቶሎ ይገለበጣል» አሉ። «በርሜል ግን መቶ ምናምን ኪሎ ነው፣ አይቸኩልም።» በሁለት የጣት አንጓዎቻቸው የበርሜሉን ሆድ አንኳኩ። «እኔን አትጠይቂኝ። ወረቀቱንም አትጠይቂው። በርሜሉን ጠይቂው።»

በርሜሉ የሚጠየቀው ጎንበስ ተብሎ፣ ዙሪያው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ተነቦ ነው። አሮጌው ሙጫ ቀይ ክዳን አለው፣ አዲሱ ሰማያዊ። አሮጌው ለጥገና ሥራና ለሁለት መስታወት መስኮቶች አሁንም ይገዛ ስለነበር፣ የግዢ መዝገቡን አይቶ የትኛው ለየትኛው መስኮት እንደዋለ ማወቅ አይቻልም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የጋሽ ይማም ደብተር። በርሜል በከፈቱ ቁጥር ቀኑን፣ የምርት መስመሩን፣ የበርሜሉን ቁጥርና የክዳኑን ቀለም ይጽፋሉ። ማንም አላዘዛቸውም።

«ለምን ይጽፋሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ኮምቦልቻ መጋዘን ስሠራ የለመደብኝ ነው። ደግሞ አንድ ቀን አንድ ሰው ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። «ሃያ ዓመት ጠበቅኩሽ። ምነው ዘገየሽ?»

ሕጉን አስረጂኝ ያሉኝ ፓውሰሩሙ ውስጥ ነው፣ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል። እኔም ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። መጀመሪያ የምንሠራው ነገር ከዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለበት፤ መስኮት አለ። ቀጥሎ መስኮቱ ሙቀት የሚያሳልፈው ከተወሰነው ልክ በታች መሆን አለበት፤ ባለ ሦስቱ መስታወት ያልፋል። ከዚያ ደግሞ ይህን መልካም ነገር ስንሠራ ሌላ ጉዳት ማድረስ የለብንም፤ ውሃ መበከል፣ ጎጂ ቅመም መጠቀም። የሠራተኛውም መብት መከበር አለበት። ይህን ሁሉ ያለፈው ብቻ ነው ከሽያጫችን ውስጥ ስንት እጅ እንደሆነ ተሰልቶ በሪፖርቱ የሚወጣው።

«ስለዚህ ሙቀት በመያዙ ያገኘውን፣ በሙጫው ሊያጣው ይችላል።»

«ጃ፣ ልክ ነው።»

«ዘይነባ ይህን ሕግ ከአውሮፓ በፊት አውጥታዋለች» አሉ። ዘይነባ ባለቤታቸው ናቸው። «ሳህን አጥቤ ወለሉን ካረጠብኩት፣ የታጠበው ሳህን አይቆጠርልኝም።»

አንቱ ስላቸው ደግሞ ይበሽቁ ነበር። «በኖርዌይኛ ዳይሬክተሩን አንተ ትያለሽ፣ የመንግሥት ሚኒስትር ብታገኚ አንተ ትያለሽ። አንቱታሽን ሁሉ ለበርሜል ገፊ አስቀመጥሽው?» አንተ ማለት ግን አልቻልኩም። አሁንም አልችልም።

ሁልጊዜ ደስ የሚሉ ሰው ነበሩ ብል እዋሻለሁ። አንድ ጊዜ በሁለት መስታወቶች መሃል የጣት አሻራ አዩና መስመሩን አስቆሙ። አሻራው ከዘጋነው በኋላ አይጠፋም፣ የማን እንደሆነ ይታወቅ አሉ። ሥራው ለግማሽ ቀን ተጓተተ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ሳምንት ሙሉ አላናገሯቸውም፤ እሳቸውም ብቻቸውን ተቀምጠው በሉ። በኋላ አሻራው የራሳቸው ሆኖ ተገኘ። «እንግዲህ ታወቀ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ይቅርታ አልጠየቁም። ደብተራቸው ላይ ግን ጽፈውታል፤ «አሻራ፣ የኔ» ይላል።

እኔንም ቢሆን አልማሩኝም። ያልገባኝ ነገር ሲኖር ጃ እላለሁ። ሰው እንዳይቸገርብኝ፣ ንግግሩ ቶሎ እንዲያልቅልኝ። ትምህርት ቤትም እንዲያ ነበርኩ። ሌላ ሰው አይነቃብኝም፤ ጋሽ ይማም በሁለተኛው ቀን ነቁብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ጃሽ ክዳን ነው። ውስጡ ምን እንዳለ አይታይም። ያልገባሽን አልገባኝም በይ። ይህን ለማለት እኮ ቪዛ አይጠየቅም።»

«ጃ» አልኳቸው።

«ይኸው!» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

አባሪ ሦስት ውስጥ የገባውን የደብተሩን ገጽ ፎቶ ያነሳሁት በጥር ነው። የዓመቱን መረጃ እየሰበሰብን ነበር፣ ሂልደም ማስረጃ እንዳመጣ አጥብቃ ነግራኛለች። ማሽኖቹ ይጮኻሉ፤ ሁለታችንም የጆሮ መከላከያ አድርገናል። ጋሽ ይማም ደብተሩን ገልጠው አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ጮክ ብለው «ባለ ሦስቱ ላይ የመጨረሻው ቀይ!» አሉኝ። ከመስመሩ ፊት ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ በቁጥር ተጽፏል። ወሩ አራት ይላል። ዓመቱ ድርጅቱ ሙጫው ይቀየር ብሎ የወሰነበት ዓመት ነው። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ግን ሌሎቹን ገጾች ሳላይ መሄድ የለብኝም የሚል ስሜት ነበረኝ። የመመለሻ ባቡሬም ደርሶ ነበር።

«ገባሽ?» አሉኝ፣ ከንፈራቸውን አይቼ ነው የተረዳሁት።

አውራ ጣቴን አነሳሁ።

ቢሮ ገብቼ ተረጎምኩት፦ «ሚያዝያ፣ የመጨረሻ አጠቃቀም»፤ ዓመቱ እንዳለ። ባለ ሦስት መስታወት መስኮቶቻችን ለሪፖርቱ ዓመት በሙሉ ከጎጂው ቅመም ነጻ ናቸው ብዬ ሞላሁ። አማርኛ የሚያነብ ሌላ ሰው ስላልነበረ ማንም አላረመኝም። ኦዲተሩ ትርጉሙን አይቶ አመሰገነኝ።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ በቲ-ባነው፣ በከተማው ባቡር ወደ ግሮሩድ ሄድኩ። ገና ብርሃን ነበር። ከበሩ ውጭ ጫማ ተደርድሯል። ወይዘሮ ዘይነባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። እግዚአብሔር ያጽናዎት አልኳቸው፤ በእነርሱ፣ በሙስሊሞቹ፣ እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ያቺ ጃ ጃ የምትለው ልጅ አንቺ ነሽ?»

በለቅሶ መሃል ሰው ፈገግ አለ። እኔም። ቀብሩ መቼ ነው ብዬ ጠየቅኩ። «ወረቀቱ ሲያልቅ ነው አሉን» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «ወረቀት ቶሎ ይገለበጣል ይል ነበር፤ ዛሬ በሱው ላይ ዘገየ።»

የሃያት ልጅ ሰልማ እግሬ ሥር ትድህ ይሁን ትሮጥ ሳትወስን ትመላለሳለች። ሁለት ዓመት አልሞላትም። ሃያት የአባቷን ፎቶ አልበም አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። አንዱ ፎቶ ላይ ጋሽ ይማም በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ሕፃን አቅፈዋል፤ መነጽራቸው ላይ ጭጋግ አለ። ገለበጥኩት። በእርሳስ፣ በማውቀው የእጅ ጽሑፍ፣ «ሰልማ ተወለደች» ይላል፣ ከነቀኑ።

ዓመቱን አየሁ። ሰልማን አየሁ። እንደ ጽሑፉ ከሆነ ይህች ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ሃያት፣ ይኼ ዓመት ...»

«የኢትዮጵያ ነው» አለች፣ በእጇ ገፋ እያደረገች። «አባቢን ታውቂው የለ? ለሥራ ቅጽ በፈረንጅ ይሞላል፣ ለራሱ ሲሆን በኛ ነው የሚጽፈው። በሱ አቆጣጠር ገና ወጣት ነኝ ይለን ነበር።»

ስልኬን አውጥቼ በጥር ያነሳሁትን የደብተሩን ገጽ ከፈትኩ። አራተኛው ወር ሚያዝያ አይደለም፤ ታኅሣሥ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አይደለም፤ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ነው። የዘመን አቆጣጠራችን እንደሚለይ አላውቅም ነበር አልልም። በየመስከረሙ እንቁጣጣሽ ብለን እናቴ ጋ እንበላለን። የሠራሁት ግን በአንዱ አቆጣጠር ብቻ እንደሚኖር ሰው ነው፣ የሚጠየቀውም ሰው ከፊቴ ቆሞ ነበር።

«ደብተሩ አለ?» አልኩ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ጠይቄ አላውቅም። «የሥራ ደብተሩ፣ ጥቁሩ። እባክሽ፣ ሃያት። ተሳስቻለሁ።»

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ አነበብነው። ነገሩ ግልጽ ነበር። አዲሱ ሙጫ በብርድ ቶሎ አይጠነክርም፤ ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ፎርማኑ ለባለ ሦስቱም ቀዩን ክዳን እንዲከፍቱ አዟል። ባለፈው ዓመት በጥር ቀይ፣ በየካቲት ቀይ፣ በመጋቢት ቀይ። በጋውን ሰማያዊ። ታኅሣሥ ላይ እንደገና ቀይ፣ ከዚያ ማሞቂያ ገብቶ ቆመ። ጋሽ ይማም አንድም አልደበቁም። በርሜሉ የነገራቸውን ሁሉ ጽፈው፣ ጣታቸውን አስቀምጠው አሳይተውኛል። ውሸት ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ነገ ጠዋት ደግሞ የሞተ ሰው ስም ለውሸቱ ምስክር ሆኖ ይፈረምበታል። እሳቸው የሉምና እንደ ጣት አሻራው «የኔ» ብለው የሚያርሙት ነገር አይደለም።

«ትልቅ ችግር ነው?» አለች ሃያት።

ጃ ልል ነበር። «ሥራዬን ላጣ እችላለሁ» አልኳት። «ግን በአባትሽ ስም ውሸት አይፈረምም።»

ሃያት ደብተሩን ወደ እኔ ገፋችው። «በይ ያዥው። መልሰሽ ታመጪዋለሽ።»

ባቡር ውስጥ ለሂልደ መልእክት ጽፌ አጠፋሁት። በጽሑፍ ካልኳት ማብራሪያ ብላ ከግርጌ አንድ መስመር ታስገባና ነገሩ ያልቃል። ፊት ለፊት መባል አለበት፣ በድምፅ።

በማግስቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፋብሪካው ደረስኩ። የጠዋቱ ፈረቃ ገና እየገባ ነበር። ፎርማኑን ባዶ ቀይ በርሜሎቹ የት እንዳሉ ጠየቅኩት፤ ለምን አለኝ። ማለፊያ ሰበብ መፈለግ ጀመርኩና ተውኩት። «ሪፖርቱ ላይ የጻፍኩት ስሕተት ስለሆነ» አልኩት። ወደ ጓሮ መራኝ። ጓንት አደረግኩ፣ ጎንበስ ብዬ የእያንዳንዱን ጽሑፍ አነበብኩ። የታኅሣሡ እዚያው ነበር፤ ቁጥሩ ከደብተሩ ቁጥር ጋር አንድ ነው። ክዳኑን ፈትቼ በሁለት ላስቲክ ጠቀለልኩት። ከደብተሩ ግርጌ ላይ የዕለቱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ አንዱን ከአንዱ በላይ አድርጌ ጻፍኩ።

ቢየርቪካ ስደርስ አራት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ጫማዬ ጥቁር ሙጫ ነክቶታል። ሂልደ፣ ዳይሬክተሩና ኦዲተሩ ተቀምጠዋል። ሂልደ እስክሪብቶዋን አንስታ ልማድ ሆኖባት ዙሪያዋን ጠየቀች፦

«ሁላችንም ዝግጁ ነን?»

«ጃ» አለ ዳይሬክተሩ። «ጃ» አለ ኦዲተሩ።

ቀዩን ክዳን ጠረጴዛው መሃል ላይ አስቀመጥኩት። ደብተሩን ከጎኑ። መነጽሬን በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኩ፣ አደረግኩት፣ ቀና አልኩ።

«ኔይ» አልኩ። አይደለንም ማለቴ ነው። «እኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ከመጀመሪያው ላስረዳችሁ።»